የኔታ፣ ትኬቱን እንዳይጥሉት

የኔታ፣ ስለ ቅኔ እንዲናገሩ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ለጉባኤ መጠራትዎን ሰማሁ። የተላከልዎ ደብዳቤ ቀኑንና አዳራሹን ይነግርዎታል። እኔ ደግሞ በየጉባኤው በር ላይ ስም ስመዘግብና ባጅ ሳድል የኖርሁ ነኝና ደብዳቤው የማይለውን በጆሮዎ ልንገርዎ። ነገሩ ከእኔና ከእርስዎ አይለፍ።

ከሁሉ በፊት የመኪናውን ትኬት እንዳይጥሉት። ከደብረ ኤልያስ ማርቆስ ድረስ የቆረጡትንም፣ ዓባይን አሻግሮ አዲስ አበባ ያደረሰዎትንም ይያዙ። ረዳቱ ትኬት የለኝም ካለ በብጣሽ ወረቀት ያስጽፉና ያስፈርሙት። ውሎ አበል የሚከፍለው ሰው ንግግርዎን አይሰማም፤ የሚያውቀው ደረሰኝ ብቻ ነው። አንድ አባት ትኬታቸውን የዳዊታቸው ዕልባት አድርገውት ኖሮ፣ ሒሳብ ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ዳዊቱን ገልጠው አሳዩ። ተከፈላቸው።

ሰዓቱንም በማን አቆጣጠር እንደሆነ ይጠይቁ። አንድ ጊዜ እኔው ራሴ በእኛ አቆጣጠር «3:00» ብዬ ለአንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ላክሁ። ሰውየው ከምሳ በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ከረባታቸውን አሥረው ሲደርሱ የሚናገሩበት ክፍል ባዶ ነበር። እስከ ዛሬ ባስታወስሁት ቁጥር አፍራለሁ። ክፍሉም ቢሆን፣ የትም ጉባኤ ይሁን፣ የመርሐ ግብሩ መጽሔት ላይ ታትሞ የወጣውን አይመኑ፤ ቁርጡ በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈው ወረቀት ነው።

ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ ለምሳ ቀደም ይበሉ። ሥጋ የማይበሉ ፈረንጆች የጾሙን ሽሮና ምስር ከእኛ ቀድመው ይጨርሱታል።

የኔታ፣ ትልቁ ነገር ይህ ነው። እኛ ዘንድ ጉባኤ ሲባል መምህሩ ዘርግተው፣ ተማሪው ለምዱን ደርቦ እስኪገባው ድረስ የሚቀመጥበት ነው። እዚህ ጉባኤ ማለት አራት ሰው በአንድ ሰዓት ተኩል ተናግሮ የሚወርድበት ነው። ሰብሳቢዋ «5 ደቂቃ» የሚል ወረቀት ታነሣለች፣ ቀጥላ «1»፤ ከዚያ በኋላ የኔታም ቢሆኑ አትምርዎትም። ስለዚህ መወድስ አይጀምሩ፤ 8 ቤቱ ሳይሞላ ይቆረጥብዎታል። አንዲት ጉባኤ ቃና፣ ሁለት ቤት፣ ይንገሩ፤ ሰምና ወርቋን ይፍቱ፤ ይቀመጡ። ከፊትዎ ስለ ቅኔ መጽሐፍ አንብቦ ከባለቤቱ አፍ ግን ሰምቶ የማያውቅ ሰው ይኖራል። የኢትዮጵያ ጥናት ዓለም አቀፍ ጉባኤ በ1951 ሮም ላይ ተጀምሮ፣ በ1958 ሦስተኛው እዚሁ አዲስ አበባ ተደርጎ፣ ኋላም ኪዮቶና ሐምቡርግ ድረስ ዞሯል። ስለ ግዕዝ ጃፓን ድረስ ሲነገር ደብረ ኤልያስ ተቀምጦ ቅኔ የሚዘርፈው ስንት ጊዜ እንደ ተጠራ እርስዎ ያውቁታል። ሲጠሩ ታዲያ ደቂቃዋን አያባክኗት።

ከየት መጡ ሲሉዎት ደብረ ኤልያስ ይበሉ። ሐዲስ ዓለማየሁን ያነሡብዎታል፣ እዚያ ተምረዋልና። አቡነ ቴዎፍሎስም የዚያው አገር ልጅ መሆናቸውን እርስዎ ይጨምሩላቸው፤ ይህን የማያውቀው ብዙ ነው።

በሻይ ዕረፍት ደግሞ ስኒዎን ይዘው ወደ ገነተ ልዑል ይውጡ። የጃንሆይ መኖሪያ ነበር፤ በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር መኳንንቱ የተረሸኑበት አረንጓዴ ሳሎንም እዚያው ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ በ1955 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ገባበት። ፎቁ ላይ ሙዚየም አለ፤ የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ቤት ሳይነካ ተቀምጧል። ደጁ ላይ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ያያሉ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ተብሎ ጣልያን የሠራው ነው። ጠላት ሲወጣ የእኛ ሰዎች አላፈረሱትም፤ ጫፉ ላይ አንበሳ አስቀመጡበት። እርስዎ ይህን አይተው ሁለት ቤት ሳይቋጥሩ ይመለሳሉ ብዬ አላምንም።

ምዝገባው ላይ ሲደርሱ በግራ በኩል ካለው ሁለተኛው ጠረጴዛ ይምጡ። ኮምፒውተሩ ላይ ዶክተር፣ ፕሮፌሰር፣ አቶና ወይዘሮ እንጂ ሌላ ማዕረግ የለም። የእርስዎን ባጅ ግን «መሪጌታ» ብዬ በእጄ ጽፌ መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።