ጠላው ለምን መድኃኒት መድኃኒት አለ?

ደሴ ውስጥ ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር አለ፡፡ እኔም የተከራየሁት እዚያው ነው፡፡ አከራዬ እማማ በራቸው ላይ ጣሳ ሰቅለው ጠላ ይሸጣሉ፡፡ ባለፈው ክረምት አንድ ጋን ሙሉ ጠላ ተበላሸባቸው፡፡ አልሆመጠጠም፣ አልሻገተም፤ ብቻ ደንበኛው ሁሉ ቀመስ እያደረገ «ሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ይላል» እያለ ይመልሰው ጀመር፡፡ እማማ መጀመሪያ ጌሾውን አሙ፣ ቀጥለው የገዛ እጃቸውን፡፡ በመጨረሻ «ከእንግዲህ ቧንቧውን ትቼ ከምንጭ ነው የማስቀዳው ልጄ» አሉኝ፡፡ እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው፡፡ የጠላ ውሃ አብዛኛው እሳት ሳይነካው የሚጠጣ ነው፤ ምንጩ ደግሞ ክረምት ላይ ጎርፍ ይገባበታል፡፡ ጣዕም ፍለጋ ሄደን አተት ይዘን እንዳንመለስ ብዬ ነገሩን ከደብተሬ ጋር አገናዘብኩት፡፡

ክሎሪንና የወይራ ጭስ

የዓለም ጤና ድርጅት የቧንቧ ውሃ ቤት ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን እንዲኖረው ይመክራል፡፡ ይህቺ መጠን ጥንስሱን አትገድልም፤ ጌሾውና ብቅሉ ቶሎ ይጨርሷታል፡፡ ጣጣው ሌላ ቦታ ነው፡፡ ጋናችንን በግራዋ አጥበን በወይራ እናጥነዋለን፡፡ ጭሱ ፌኖል የሚባሉ ውህዶችን ጋኑ ላይ ይተዋል፡፡ ክሎሪንና ፌኖል ሲገናኙ ክሎሮፌኖል ይፈጠራል፡፡ ክሎሮፌኖል በሊትር ጥቂት ማይክሮግራም ብቻ ቢሆን እንኳ ምላስና አፍንጫ ይለዩታል፤ ጠረኑም ያው የሐኪም ቤት ነው፡፡ እንግዲህ የምንወደው ጭስና የሚጠብቀን ክሎሪን ጋኑ ውስጥ ተጣሉ ማለት ነው፡፡ ቢራ ፋብሪካዎች ይህን ስለሚያውቁ ውሃውን አስቀድመው በከሰል ማጣሪያ ያሳልፉታል፡፡

ማዕድኑስ?

ማንቆርቆሪያችሁን ገልብጣችሁ ውስጡን እዩት፡፡ ያ ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፡፡ በደጋው ባሳልት ድንጋይ ውስጥ የሚያልፍ የከርሰ ምድር ውሃ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይወጣል፡፡ የብቅሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጡት ኢንዛይሞች ከ5.2 እስከ 5.6 ያለ ፒኤች ይስማማቸዋል፡፡ (የፒኤችን መለኪያ ሶረንሰን እ.ኤ.አ. በ1909 ያወጣው ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር!) ካልሲየም ከብቅሉ ፎስፌት ጋር ተጣምሮ ፒኤቹን ዝቅ ያደርጋል፤ ባይካርቦኔት ግን አሲዱን እየዋጠ ከፍ ያደርገዋል፡፡ ስለዚህ የመጀመሪያው ወዳጅ ነው፣ ሁለተኛው ሲበዛ ያስቸግራል፡፡

የፒልሰን ከተማ ውሃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ እ.ኤ.አ. በ1842 ነጣ ያለው ቢራ እዚያ ተጠመቀ፡፡ የደብሊን ውሃ ባይካርቦኔት ስለሚበዛው የተቆላ ጥቁር ገብስ የገባበት ቢራ ተስማማው፤ የተቆላ እህል አሲድነት አለውና፡፡ እናቶቻችን አሻሮ የሚቆሉት፣ ቂጣውንም አሳረር አድርገው የሚጋግሩት ለቀለምና ለጣዕም ብለው ቢሆንም በዚያው ውሃውንም ያስተካክላሉ፡፡

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ውሃውን ክዳኑን ከፍቶ ማፍላት፡፡ ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ፣ ኮምቦልቻ ላይ 94 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ ሩብ ሰዓት ያህል ይንተክተክ፡፡ ክሎሪኑ ይተናል፣ ባይካርቦኔቱም ይቀንሳል፦

ካልሲየም ባይካርቦኔት → ካልሲየም ካርቦኔት + ውሃ + ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ሲቀዘቅዝ ነጩ አተላ ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራውን ብቻ መቅዳት ነው፡፡

ሁለተኛ፣ ማገዶ ለተወደደበት፣ የቧንቧውን ውሃ ሰፊ አፍ ባለው ንጹሕ ዕቃ ቀድቶ፣ ስስ ጨርቅ አልብሶ ማሳደር፡፡ ክሎሪኑ ይወጣል፤ ማዕድኑ ግን እንዳለ ይቀራል፡፡ በተከደነ ጀሪካን ማሳደር ግን እምብዛም አይረዳም፡፡ በዚህ ውሃ መጠንሰስ ብቻውን አይበቃም፤ ድፍድፉን ማቅጠኛውና ጋኑ ከታጠነ በኋላ የሚለቀለቅበትም ያው ይሁን፡፡

ሦስተኛ፣ ካልሲየም መጨመር፡፡ 4 ግራም ጂፕሰም በ20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ሲሟሟ በሊትር 47 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም ይሰጣል፡፡ ይሁንና ጂፕሰም ማለት ጀሶ ነው ብሎ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ገዝቶ የሚጨምር እንዳይኖር አደራ! ለምግብ የተዘጋጀ ካልሆነ አይነካም፡፡ የእኛ ውሃ ካልሲየም ስላለው ለጠላ የሚያስፈልግም አይመስለኝም፡፡

እማማ የሚቀጥለውን ጋን በፈላ ውሃ ጠመቁ፤ ያ ጠረን አልተመለሰም፡፡ ምንጩም ቀረ፡፡ መምህራችን «አንድ ጋን ማስረጃ አይሆንም» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ ልክ ናቸው፡፡ ስለዚህ ሁለት እንስራ በአንድ ወይራ አጥነን፣ ከአንድ ጌሾና ከአንድ ብቅል፣ አንዱን ባልፈላ፣ አንዱን በፈላ የቧንቧ ውሃ እንጥመቅና የትኛው የቱ እንደሆነ ሳይነገረን እንቅመስ፡፡ ማን አብሮኝ ይሠራል?