ከልጆች ጋራ ወፍ መቍጠር

እረኛ ማታ ማታ በጎቹን ወደ በረት ሲያስገባ አንድ በአንድ ይቈጥራል፤ ካልቈጠረ መጕደላቸውን አያውቅምና። በደጃችን ዛፍ ላይ ጧት ጧት የሚንጫጩት ወፎች ግን እረኛ የላቸውም። ቢጐድሉ የሚጠይቅላቸው፣ ቢጠፉም ከመቼ ወዲህ እንደ ጠፉ የሚናገር አይገኝም። ይህን የመቍጠር ሥራ ሕፃናት በየቤታቸው ሊሠሩት እንደሚችሉ፣ ሠርተውትም ለሊቃውንት ምርምር የሚጠቅም ዕውቀት እንዳስገኙ ለወላጆች ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የብሪታንያ የወፎች ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር በ1979 ዓ.ም. የወጣት ክፍሉ አባላት የሆኑትን ልጆች አንድ ቀላል ነገር ጠየቃቸው፤ ይኸውም በብርዱ ወራት በየቤታቸው አትክልት ቦታ የሚያርፉትን ወፎች ለአንድ ሰዓት ተመልክተው ቍጥራቸውን እንዲልኩ ነው። ብሉ ፒተር የተባለው የቢቢሲ የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ጥሪውን ስላሰማ፣ 34,000 ያህል ቅጾች ተሞልተው መጡ። ጐልማሶች በይፋ የተጋበዙት በ2001 ዓ.ም. ስለሆነ፣ በዚህ ሥራ ልጆች ወላጆቻቸውን 22 ዓመት ቀድመዋል ማለት ነው። ዛሬ በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር መጨረሻ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ወይም ከዚያ የበለጠ ሕዝብ ይሳተፍበታል።

የዚህን ቈጠራ ጥቅም ለመረዳት ድንቢጥን ብቻ መመልከት ይበቃል። ድንቢጥ በዚያ አገር ቈጠራ ከ20 ዓመት በላይ አንደኛ ሆና ቈይታለች። እንግዲህ በመስኮት የሚያይ ሰው «ድንቢጥ መች ጠፋች?» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የቅርቡ ቍጥር ከ1979ኙ ጋራ ሲነጻጸር፣ በአንድ አትክልት ቦታ የሚታዩት ድንቢጦች ከግማሽ በላይ ቀንሰዋል። ከሁሉ የበዛችው ወፍ እየተመናመነች መሆኗን ዓይን ብቻውን ሊያውቅ አልቻለም፤ ካሳወቁት ማስረጃዎች አንዱ በየዓመቱ የተጻፈው የልጆችና የቤተ ሰቦች ወረቀት ነው።

ይህን የመሰለ ሌላ ቈጠራ በአሜሪካ አገር የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወፎች ምርምር ተቋምና ኦዱቦን የሚባለው ማኅበር በ1998 ዓ.ም. ጀመሩ። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ለዓለም ሁሉ ክፍት ስለሆነ፣ በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር የሚኖር ልጅም ሊቈጥር ይችላል። ጊዜው በፌብሩዋሪ አጋማሽ፣ በእኛ በየካቲት መጀመሪያ ግድም፣ 4 ቀን ነው፤ ከ15 ደቂቃ ያላነሰ መመልከት ይበቃል። ልጁ የቈጠረውን ወላጁ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር አማካይነት ኢበርድ በተባለው መዝገብ ያስገባለታል።

ለአገራችን ይህ ነገር ቀላል አይደለም። በኢትዮጵያ ከ800 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች ይገኛሉ። ከእነዚህም አንዱ በቄራ አካባቢ የሚያንዣብበው ትንሹ ቡናማ ጥንብ አንሳ ነው። እኛ በየቀኑ ስለምናየው የማያልቅ ይመስለናል፤ ሆኖም ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወገን መድቦታል። ከምክንያቶቹም ዋነኛው መርዝ ነው። ልጆቻችን ዛሬ የሚጽፉት ቍጥር ነገ የዚህ ወፍ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ለመቍጠር የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና ትዕግሥት ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተጀመረበትና ያለቀበት ሰዓት አስቀድሞ ይጻፍ። አንዱ ወፍ ደጋግሞ ሲመላለስ እንደ ብዙ እንዳይቈጠር፣ ከየዓይነቱ በአንድ ጊዜ አብረው የታዩት ከፍተኛው ቍጥር ይያዝ፤ ለምሳሌ መጀመሪያ 3፣ ኋላም 5 እርግቦች ቢያርፉ የሚጻፈው 5 እንጂ 8 አይደለም። ስሙ ያልታወቀ ወፍ ሲመጣ መጠኑ፣ የላባው ቀለምና የመንቈሩ ቅርጽ ይመዝገብ እንጂ በግምት ስም አይሰጠው። ወንጭፍና ድንጋይም ከቶ አይቅረቡ።

ወላጆች በተለይ ሊጠነቀቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ልጅ አባቱን ደስ ለማሰኘት ወይም ከጎረቤት ልጅ ለመብለጥ ሲል ቍጥር ሊጨምር ይፈልጋል። ያን ጊዜ ሳይቈጡ፣ ጥቂትም ቢሆን ያየውን ብቻ እንዲጽፍ ያስተምሩት። አንድም ወፍ ያልታየበት ጧት ቢኖር «ምንም አላየሁም» ብሎ ይጻፍ፤ ወፎች የራቁት ደጅም ለተመራማሪው የሚነግረው ነገር አለውና። እንዲህ የሠለጠነ ልጅ ወፎቹን ከማወቁም በላይ፣ ያላየውን አይቻለሁ የማይል ሰው ሆኖ ያድጋል።