ትራንዚስተር

ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ዓለም ጤና ከቆቃ ግድብ ብዙ አትርቅም። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1960 ኤሌክትሪክ ማመንጨት ቢጀምርም፣ ከግድብ አቅራቢያ መኖር መብራት ማግኘት ማለት አልነበረም። ሆኖም መብራት ባልገባበት የገበሬ ቤትም ሬዲዮ ይሰማ ነበር። ይህን ያስቻለው በሬዲዮው ሆድ ውስጥ ያለ፣ ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ፣ ትራንዚስተር የተባለ ዕቃ ነው።

ቀድሞ ሬዲዮ የሚሠራው አየር በወጣለት የብርጭቆ ቱቦ ነበር። ቱቦው እንደ አምፖል ካልጋለ ስለማይሠራ ብዙ ኃይል ይፈጃል፤ ሲወድቅም ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1947 ጆን ባርዲንና ዋልተር ብራተን የተባሉ ሳይንቲስቶች በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ የመጀመሪያውን ትራንዚስተር ሠሩ፤ በ1956 ከባልደረባቸው ከዊልያም ሾክሊ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ትራንዚስተር የሚሠራው ከፊል አስተላላፊ ከሚባሉት እንደ ሲሊከን ካሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ንጹሕ ሲሊከን ኤሌክትሪክን እንደ መዳብ አያሳልፍም፤ እንደ ብርጭቆም ፈጽሞ አይከለክልም። ጥቂት ፎስፎረስ ሲጨመርበት ትርፍ ኤሌክትሮኖች ያገኛል፤ ቦሮን ሲጨመርበት ደግሞ የኤሌክትሮን ጉድለት ይፈጠርበታል። ፎስፎረስ ባለባቸው ሁለት ንጣፎች መካከል ቦሮን ያለበት እጅግ ስስ ንጣፍ ሲገባ ትራንዚስተር ይሆናል። ዳርና ዳር ያሉት ኤሚተርና ኮሌክተር፣ መካከለኛው ቤዝ ይባላሉ።

አሠራሩን ለመረዳት በመስኖ ቦይ ላይ ያለውን መዝጊያ እናስብ። አንድ ልጅ መዝጊያውን ጥቂት ከፍ ቢያደርገው ብዙ ውሃ ይለቀቃል። እንዲሁም የማጉላት ችሎታው 100 በሆነ ትራንዚስተር ቤዝ ውስጥ 0.1 ሚሊአምፒር ጅረት ቢገባ፣ በኮሌክተሩ በኩል 10 ሚሊአምፒር ያልፋል። አንቴናው የያዘው ደካማ ሞገድ ድምፅ ማጉያውን እስኪያንቀጠቅጥ ድረስ ደረጃ በደረጃ የሚጎላው በዚህ መንገድ ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ግን እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ውሃውን እንዳልፈጠረ ሁሉ ትራንዚስተርም ኃይል አይፈጥርም። ኃይሉ የሚመጣው ከባትሪ ድንጋዩ ነው፤ ድምፁ ከፍ በተደረገ ቁጥር ድንጋዩ ቶሎ የሚያልቀውም ስለዚህ ነው።

ድንጋይ መግዣ ገንዘብ ሲያጥር የደከመውን ፀሐይ ላይ ማስጣት የቆየ ዘዴ ነው። ሙቀቱ በውስጡ ያለውን ኬሚካላዊ ሂደት ስለሚያፋጥነው ሬዲዮው ለጥቂት ጊዜ መልሶ ይናገራል። ሬዲዮውን አብሮ ማስጣት ግን ስሕተት ነው። በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሬዲዮኖች ትራንዚስተሮች ከጀርማንየም የተሠሩ ነበሩ፤ ጀርማንየም ሲሞቅ ደግሞ ቤዙ ሳያዝዘው ጅረት ያሾልካል፤ መዝጊያው እንደተዘጋ ውሃ እንደሚያፈስስ ቦይ ማለት ነው።