የዛገ ብሎን እንዴት ይፈታል?

የፍሬን ሸራ መቀየር ልምድ ያለው መካኒክ በአንድ ሰዓት ገደማ የሚጨርሰው ሥራ ነው። ካሊፐሩን የያዘው ብሎን ከዛገ ግን ያው ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ብሎኑ ተሰብሮ ውስጥ ከቀረ ደግሞ መኪናው ጋራዥ ያድራል፤ ቁልፍ ብቻ ይበቃው የነበረው ሥራ ድሪልና ብየዳ ይጠይቃል፤ ወጪውም በዚያው ልክ ያድጋል። አብዛኛው ብሎን የሚሰበረው ጉልበት ከሁሉ በፊት ስለሚቀድም ነው። የዛገ ብሎን መፍታት የራሱ ቅደም ተከተል አለው። ባለመኪናውም ይህን ቢያውቅ፣ ቁልፍ ባይጨብጥ እንኳ፣ ሥራው በአግባቡ እየተሠራ መሆኑን መለየት ይችላል።

ለምን ይጣበቃል?

ብረት አየርና እርጥበት ሲያገኝ ይዝጋል፤ ዝገቱም ከተፈጠረበት ብረት ከእጥፍ የሚበልጥ ቦታ ይይዛል። በብሎኑና በዳዶው ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ ዝገቱ የሚሄድበት ያጣና ሁለቱን አጣብቆ ይይዛቸዋል። ጨው ሲጨመርበት ነገሩ ይፋጠናል። ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልሱና ጅቡቲ ወደብ ድረስ የሚወርዱ ከባድ መኪኖች ከሥራቸው ቶሎ የሚዝጉት ለዚህ ነው። በሚኒሶታ ወይም በስዊድን የሚኖሩ ወገኖቻችንም በክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው የበረዶ ማቅለጫ ጨው መኪናቸውን ከሥር እንደሚበላው ያውቃሉ። ከእነዚህ አካባቢዎች የመጣ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ከቀለሙ ይልቅ ሻንሲውንና ብሎኖቹን ጎንበስ ብሎ ቢያይ ይሻለዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የብረት ብሎን አሉሚኒየም ውስጥ መታሰሩ ነው። በውሃ ፓምፕና በቴርሞስታት ክዳን ላይ የሚያጋጥመው ይኸው ነው። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ መበላት ይጀምራል፤ የሚፈጠረው ነጭ ዱቄትም ልክ እንደ ዝገት ብሎኑን ይቆልፈዋል። በጭስ ማውጫው በኩል ያሉት ብሎኖች ደግሞ በየዕለቱ እየጋሉና እየቀዘቀዙ ከያዛቸው አካል ጋር ይጣበቃሉ። የጎማ ዳዶን በተመለከተ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሰው ነው፤ ቁልፉ ላይ በእግር ቆሞ ያሰረው ሰው ለሚቀጥለው ሰው ችግር ትቶ ይሄዳል።

ከጉልበት በፊት

መጀመሪያ ብሎኑ የሚፈታበትን አቅጣጫ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አብዛኛው ብሎን ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሲዞር ይፈታል። በቆዩ የጃፓን ጭነት መኪኖች ላይ ግን በግራ በኩል ያሉት የጎማ ዳዶዎች የግራ ጥርስ ያላቸው ስለሆኑ የሚፈቱት በሰዓት አቅጣጫ ነው። ብዙ ጊዜ በብሎኑ ጫፍ ላይ «ኤል» የሚል የላቲን ፊደል ይታተምበታል። ይህን ሳያይ ጉልበቱን የጨመረ ሰው እፈታለሁ ብሎ ያጠብቃል፤ ሲብስም ይሰብራል።

ቀጥሎ ጽዳት ይመጣል። ከዳዶው ውጭ የሚታየው ጥርስ በሽቦ ብሩሽ በደንብ ይጠረግ፤ ዳዶው ሲወጣ የሚያልፈው በዚያው ላይ ነውና። የብሎኑ ራስ ላይ ያለው ቅርፊትም ይነሳ፤ አለበለዚያ ቁልፉ እስከ ታች አይገባም። ቁልፉም ስድስት ማዕዘን ያለው ሶኬት ቢሆን ይመረጣል። አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ሶኬትም ሆነ አፉ የሚሰፋና የሚጠብ ቁልፍ የብሎኑን ጠርዝ ይልጣል።

ከዚያ ዘይት ይጠጣ። ለዝገት ማስለቀቂያ ተብሎ የተሠራ ቀጭን ዘይት ከሁሉ ይሻላል። በየጋራዡ የማይጠፋው ደብሊው ዲ 40 እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካዋ ሳንዲያጎ ከተማ ሲሠራ የታሰበው ውሃን ከብረት ላይ ለማስወገድ ነበር፤ ለቀላል ዝገት ይረዳል፣ ክፉኛ ለተጣበቀ ብሎን ግን ለዚሁ ሥራ የተሠራው ዘይት ይበልጠዋል። የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ቀላቅለው የሚጠቀሙ መካኒኮችም አሉ፤ አሴቶን በቀላሉ ስለሚቀጣጠል እሳት ካለበት መራቅ አለበት። ዘይቱ ምንም ይሁን ምን ዋናው ነገር ጊዜ ነው። ማታ ተቀብቶ፣ ጠዋት ተደግሞ የተፈታ ብሎን አሁን ተረጭቶ አሁን ከሚታገሉት ብሎን ጋር አይወዳደርም። ዘይቱ ፍሬን ሸራና ዲስክ ላይ እንዳይፈስ መሸፈን ግድ ነው፤ ዘይት የነካው ሸራ መኪናውን በወጉ አያቆምም።

ዘይቱ ከገባ በኋላ የብሎኑን ራስ በመዶሻ ቀጥ አድርጎ ደጋግሞ መምታት ይረዳል። ምቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁም ዘይቱ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ጥርስ ያለበትን ጫፍ ግን በባዶው መምታት አይገባም፤ ጫፉ ከተጨፈለቀ ዳዶው አያልፍበትም።

ቁልፉን የያዘ እጅ የሚነግረው

አሁን ይዞር። መጀመሪያ ለመፍታት ሳይሆን በጥቂቱ ለማጥበቅ ይሞከር፤ ትንሽ ከተነቃነቀ ዝገቱ ተሰብሯል ማለት ነው። ከዚያ ሩብ ዙር ወደ መፍታት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እንደገና ዘይት፣ እንደገና ሩብ ዙር። ወደ ኋላ መመለሱ የተሰባበረው ዝገት በጥርሶቹ መካከል እንዳይታጨቅ ያደርጋል።

ለእጅዎ ስሜት ትኩረት ይስጡ። የሚለቅ ብሎን «ቋ» የሚል ደረቅ ድምፅ ያሰማል፤ ከዚያም መጀመሪያ ከባድ ቢሆንም በየዙሩ እየቀለለ ይሄዳል። ሊሰበር የተቃረበ ብሎን ግን ድምፅ ሳይሰጥ እንደ ጎማ እየተለጠጠ ይዞራል፤ ጉልበት ሲጨመር ይሄዳል፣ ሲለቁት ትንሽ ይመለሳል። ይህ ስሜት ሲመጣ ብሎኑ ራሱ እየተጠመዘዘ ነውና ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል።

ቁልፉ ላይ ረጅም ቱቦ መሰካት የተለመደ ነው። 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ በ40 ኪሎ ያህል ኃይል የሚጫን ሰው 100 ኒውተን ሜትር ገደማ የመጠምዘዝ ኃይል ያሳርፋል። በአንድ ሜትር ቱቦ ሲሆን ያው ሰው 400 ያደርሰዋል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር፣ የጥንካሬ ደረጃው 8.8 የሆነው የተለመደ ብሎን የሚታሰረው በ50 ገደማ ነው። እንግዲህ ቱቦው ለወፍራም የጎማ ዳዶ ይጠቅም ይሆናል፤ ለቀጭን ብሎን ግን መስበሪያ ነው።

እሳት ሲያስፈልግ

ዘይትና መዶሻ ካልበቁ እሳት ይመጣል። የሚሞቀው ብሎኑን የያዘው ውጪያዊው አካል ማለትም ዳዶው ነው፤ እሱ ሲሰፋ ብሎኑን ይለቀዋል። አሉሚኒየም በሙቀት የሚሰፋው ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሆነ፣ በአሉሚኒየም ውስጥ ለታሰረ የብረት ብሎን ከመቅላት በጣም ያነሰ ሙቀት ይበቃል። ከሞቀ በኋላ ጥቂት ሲበርድ ሻማ ቢያስነኩት ሰሙ ቀልጦ በጥርሶቹ መካከል ይገባና መንገድ ያለሰልሳል።

እሳት ሕይወት ያጠፋልና የሚከተለው አይዘለል። ነዳጅ ታንከርና የነዳጅ መስመር፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ አሞርትዘርና ኤርባግ አጠገብ እሳት አይጠጋም። ጎማ ከቸርኬው ሳይወጣ ዳዶውን ወይም ቸርኬውን በእሳት ማጋል ጎማውን ሊያፈነዳው ይችላል። የተረፈው ዘይት አስቀድሞ ይጠረግ። በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የታጠበ ቦታ ሳይደርቅ እሳት አይንካው፤ ክሎሪን ያለበት ማጽጃ ሲቃጠል ፎስጂን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ዚንክ የተቀባ ብሎን ሲግልም ጭሱ ስለሚጎዳ ሥራው ነፋስ ባለበት ይሁን። የእሳት ማጥፊያም በእጅ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ።

ከተሰበረስ?

ዳዶ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ በግራይንደር ወይም በመሮ ተሰንጥቆ ይወጣል። ብሎኑ ተሰብሮ ጥቂት ብቅ ካለ፣ አዲስ ዳዶ ከላዩ አስቀምጦ በመሃሉ መበየድ የታወቀ መፍትሔ ነው። ብየዳው እጀታ ይሆነዋል፤ ሙቀቱም ዝገቱን ያላቅቃል። የብረት ብየዳ አሉሚኒየም ላይ ስለማይዝ በአሉሚኒየም ውስጥ ለተሰበረ ብሎን ይህ ዘዴ በተለይ ይመቻል።

ከውስጥ ተሰብሮ ከቀረ መሃሉን በፑንች ምልክት አድርጎ፣ ከቀጭን ፑንታ ጀምሮ ቀጥ ብሎ መብሳት ነው። መሃሉን የሳተ ቀዳዳ የዋናውን አካል ጥርስ ይበላል። ለ8 ሚሊ ሜትር ብሎን የመጨረሻው ቀዳዳ ከ6.8፣ ለ6 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከ5 መብለጥ የለበትም። የብሎን ማውጫ መሣሪያ በጉልበት መጠምዘዝ አደገኛ ነው፤ በጣም ጠንካራ ብረት ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ተራ ፑንታ አይበሳውም።

ሲታሰር

ዝገት የበላው ብሎን ዕጣ ፈንታው መጣያ ነው። አዲሱ በውፍረት፣ በጥርስና በጥንካሬ ከቀድሞው ጋር እኩል ይሁን። ራሱ ላይ የታተመው 8.8 ወይም 10.9 ጥንካሬውን ይናገራል፤ በ10.9 ምትክ 8.8 ማሰር በፍሬንና በመሪ በኩል ከሆነ በሰው ሕይወት መጫወት ነው። በጭስ ማውጫና በመሳሰሉት ላይ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ መዳብ ያለበት ፀረ-ዝገት ቅባት በስሱ መቀባት የሚቀጥለውን ጥገና ያቀልላል። የጎማ ዳዶ ግን በደረቁ ይታሰር፤ ቅባት ከነካው በዚያው ጉልበት ከልክ በላይ ይጠብቃል። ልኩንም የሚናገረው የመኪናው መመሪያ ነው፤ ለቶዮታ ኮሮላ የጎማ ዳዶ ለምሳሌ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ይህን የሚለካ ቁልፍ የሌለው ጋራዥ ልኩን በግምት ነው የሚያገኘው።

መኪናዎን ለጥገና ሲያስገቡ የዛገ ቦታ እንዳለ ካወቁ ከዋዜማው ያስገቡና ብሎኖቹ ዘይት ጠጥተው እንዲያድሩ ይጠይቁ። መካኒኩንም «ቶሎ በል» አይበሉት። ሲጨርስ የወጡትን ብሎኖች እንዲያሳይዎት ይጠይቁት፤ የተበሉት በአዲስ ይተኩ። አንድ ብሎን ዋጋው ትንሽ ነው፤ የያዘው ግን መሪዎን፣ ፍሬንዎንና ቤተሰብዎን ነው።