ሊኑክስን ስለ መምረጥና በትርፍ ጊዜ ስለ ማደራጀት

ክቡራን አንባቢዎቻችን እንደሚያስታውሱት፣ የማይክሮሶፍት ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓት ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቋርጧል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የጥበቃ መሣሪያ ያላቸውን ኮምፒዩተሮች እንጂ አሮጌዎቹን የማይቀበል በመሆኑ፣ በየሱቁና በየጽሕፈት ቤቱ ያለ ጉድለት ይሠሩ የነበሩ ብዙ መሣሪያዎች በአንድ ቀን እንዳረጁ ተቈጠሩ። አዲስ ኮምፒዩተር ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ያስፈልጋል፤ ምንዛሪው ደግሞ ለሸቀጥ ቢውል ትርፍ ያመጣ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው ሌላ መንገድ አለ ወይ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መንገዱ አለ፤ ስሙም ሊኑክስ ይባላል። እኔ በአንድ አስመጪ ቤት ጸሐፊ ስሆን፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ለብዙ ዓመታት የደከምሁበት ጉዳይ ስለ ሆነ ጥቂት ለማስረዳት እወዳለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለው ወጣት በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1991 የሥርዓቱን አስኳል ጽፎ ለሕዝብ ገለጠ። ከእርሱ አስቀድሞ በ1983 አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ግኑ የተባለውን ነፃ የፕሮግራም ሥራ ጀምሮ ነበር፤ ሁለቱም ተጋጥመው ሙሉ አካል ሆኑ። አስኳሉ ብቻውን እንደ መኪና ሞተር ነው፤ መሪና ጎማ ካልተበጀለት ማንንም አያደርስም። ይህን ሁሉ የሚያሟላው በእንግሊዝኛው ዲስትሪቢዩሽን የሚባለው ሲሆን፣ እኛ ሥርጭት እንበለው። ቃሉ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። ሥርጭት የሚያዘጋጅ ሰው የሚሠራው የጅምላ ነጋዴን ሥራ ነውና፤ ከልዩ ልዩ አምራቾች ይሰበስባል፣ ያበጥራል፣ ያሽጋል፣ ማኅተሙን አትሞም ያከፋፍላል።

የሥርጭቶቹ ቊጥር ብዙ ስለ ሆነ ጀማሪውን ያደናግረዋል። ዘራቸው ሲቈጠር ግን ጥቂት ናቸው። ፓትሪክ ቮልከርዲንግ በ1993 ስላክዌርን አወጣ፤ ዛሬም በሕይወት ካሉት ሁሉ የቀደመው እርሱ ነው። በዚያው ዓመት ኢያን መርዶክ ዴቢያንን መሠረተ፤ ስሙንም ከራሱና ዴብራ ከምትባለው እጮኛው ስም አጣምሮ ሰየመው። በ2004 ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ከዴቢያን ኡቡንቱን አስገኘ፤ በ2006 ደግሞ ከኡቡንቱ ሊኑክስ ሚንት ተወለደ። ስለዚህ ሚንትን የያዘ ሰው የዴቢያንን የልጅ ልጅ ይዟል ማለት ነው። ፌዶራና አርች የሌላ ወገን ናቸው። ፌዶራ አንዱን ዕትም የሚደግፈው ለ13 ወራት ያህል ብቻ ሲሆን፣ አርች የተወሰነ ዕትም ሳይኖረው ያለ ማቋረጥ ይታደሳል። ሁለቱም ለአዋቂ ደስ ያሰኛሉ፤ በሰኔ መጨረሻ ሒሳብ ለሚዘጋ ቤት ግን አልመክራቸውም።

የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ ሁሉ የሚታለለው በመልክ ነው። የመስኮቱ ቀለምና የምስሉ ውበት ይማርከዋል። እኔ ግን የምመለከተው ሸቀጡን ማን እንደሚያቀርበውና እስከ መቼ እንደሚያቀርበው ነው። ለዚህም ሁለት ምሳሌዎችን እጠቅሳለሁ። ክራንችባንግ የተባለው ሥርጭት የአንድ ሰው ሥራ ነበር፤ ቀላልና ፈጣን በመሆኑ ብዙ ወዳጆች አፈራ፤ ነገር ግን ባለቤቱ በ2015 ሥራውን አቆመ። ወዳጆቹ ቡንሰንላብስ በሚል ስም ባይቀጥሉት ኖሮ የተጠቃሚው ድካም ሁሉ ከንቱ በቀረ ነበር። ሁለተኛው ምሳሌ ሴንት ኦ.ኤስ. ነው። ይህኛው ከኋላው ሬድ ሃት የተባለ ታላቅ ኩባንያ ነበረው፤ 8ኛው ዕትም እስከ 2029 ይደገፋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ ኩባንያው በታኅሣሥ 2020 አሳቡን ለውጦ በ2021 መጨረሻ እንደሚያበቃ አስታወቀ። እንግዲህ አንድ ብቸኛ ሰውም ሆነ አንድ ሀብታም ኩባንያ ዋስ ሆኖ ሊቀርብ አይችልም።

በዚህም ምክንያት የእኔ ምርጫ ዴቢያን ሆነ። ባለቤት ኩባንያ የለውም፤ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ፈቃደኞች ተማምለው ያቆሙት ማኅበር ነው። አንድ ዕትም በሁለት ዓመት ያህል አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ድጋፉም ተጨማሪው ጊዜ ሲታሰብ 5 ዓመት ይደርሳል። በመጋዘኑ ያሉት ጥቅሎች ከ60,000 በላይ ናቸው። አንድ ጉድለት ግን አለ፤ በነሐሴ 2025 የወጣው 13ኛው ዕትም በባለ 32 ቢት ኮምፒዩተር ላይ አይጫንም። እጅግ ያረጀ መሣሪያ ያለው ሰው ይህን አስቀድሞ ይመርምር።

አሳቤን ለአሠሪዬ ባቀረብሁ ጊዜ እኚህ ሽማግሌ ነጋዴ ስለ ፍጥነትም ስለ ዋጋም አልጠየቁኝም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ አንተ የታመምህ ዕለት ማን ያስነሣዋል?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ ጥያቄ አልሰማሁም። «ጌታዬ፣ የራሴን አዲስ ነገር አልፈጥርም፤ ዴቢያንን የሚያውቅ ማንኛውም ባለሙያ የሚያስነሣው ይሆናል» ብዬ መለስሁላቸው። የሥራውም ዕቅድ ከዚህ መልስ ወጣ።

ሥርጭትን በገዛ እጅ ለመሥራት ብዙ መንገድ አለ። በ1999 ጀራርድ ቤክማንስ የጀመረው ሊኑክስ ፍሮም ስክራች የተባለው መጽሐፍ እያንዳንዱን ፕሮግራም ከምንጩ እያጠናቀሩ ሥርዓቱን ከባዶ እንዲሠሩ ያስተምራል። ለትምህርት ከዚህ የሚሻል አላውቅም፤ ለጽሕፈት ቤት ግን ዳቦ ለመብላት ስንዴ እንደ መዝራት ነው። እኔ የተጠቀምሁት ላይቭ ቢልድ በተባለው የዴቢያን መሣሪያ ነው። አሠራሩም እንዲህ ነው። በአንድ የጽሑፍ ፋይል የሚያስፈልጉት ጥቅሎች ስም በየመስመሩ ይጻፋል፤ በአንድ ማኅደር ደግሞ በአዲሱ ሥርዓት ላይ ሊገኙ የሚገባቸው ፋይሎች፣ ለምሳሌ የደብዳቤ ናሙናዎችና የማተሚያው ማስተካከያ ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ትእዛዝ ሲሰጥ መሣሪያው ጥቅሎቹን ከዴቢያን መጋዘን አምጥቶ ያቀናብርና በፍላሽ የሚጻፍ አንድ ምስል ያስረክባል። ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ ሲነሣ በውስጡ ያለው ዲስክ ሳይነካ ሁሉ ነገር ይፈተናል፤ ደስ ካላሰኘ ፍላሹን መንቀል ብቻ ነው።

ከገጽታዎቹ መካከል ኤክስኤፍሲኢን መረጥሁ፤ 4 ጊጋባይት ማስታወሻ ባላቸው አሮጌ ኮምፒዩተሮቻችን ላይ ሳይንገዳገድ ስለሚሠራ ነው። ለደብዳቤና ለሠንጠረዥ ሊብሬ ኦፊስን ጨመርሁ። የአማርኛው ነገር ግን የተለየ ትዕግሥት ጠየቀ። ፊደላችን በ1999 ወደ ዩኒኮድ ስለ ገባ መልኩን ማሳየት አይቸግርም፤ አቢሲኒካና ኖቶ የተባሉት የፊደል ቅርጾች በዴቢያን መጋዘን ይገኛሉ። ለመጻፍ አይባስ ከኤም 17 ኤን ጋር ይጫናል፤ በዚህም ድምፁን በላቲን ቊልፎች እየተከተሉ መጻፍ ይቻላል። ከሌላ ዓይነት መክተቢያ ጋር የለመደ ጣት መጀመሪያ ያጉረመርማል። የእኛ ቤት ጸሐፊዎችም አጉረምርመዋል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ድምፃቸው ጠፋ።

አሁን ደግሞ የማይቻለውን ልንገር። በአገራችን ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች የተማሩበት ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ዋይን የተባለው ፕሮግራም የዊንዶውስን ሶፍትዌሮች በሊኑክስ ላይ ለማስኬድ የሚሞክር ቢሆንም፣ የቤቱን ሒሳብ መዝገብ ለሙከራ አሳልፎ መስጠት ተገቢ አይመስለኝም። እኛም የሒሳብ ሹሙን ኮምፒዩተር አልነካንም። የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ያለው ባለሱቅ ደግሞ አቅራቢውን በጽሑፍ ሳይጠይቅ አንዳች ነገር አይለውጥ። ማተሚያም እንዲሁ ነው፤ ከሁሉ በፊት ይፈተን።

ኮምፒዩተር የሚሸጡ አንባቢዎች ሊኑክስ ጭነው ዋጋ ሊያስከፍሉ ይችላሉ፤ ሕጉ አይከለክልም። ሆኖም በጂ.ፒ.ኤል. ውል የሚገዙትን ፕሮግራሞች የሚያከፋፍል ሰው የምንጭ ጽሑፋቸውን ለገዢው የማቅረብ ግዴታ አለበት። ኡቡንቱን ለውጦ ኡቡንቱ ብሎ መሸጥም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይቻልም፤ የንግድ ምልክት ነውና።

በመጨረሻ ስለ ማኅተም አንድ ነገር አለ። በየካቲት 2016 ሌቦች የሊኑክስ ሚንትን ድረ ገጽ ሰብረው፣ ጎብኚዎች የኋላ በር የተሠራለትን ሐሰተኛ ምስል እንዲያወርዱ አደረጉ። በገጹ ላይ የተጻፈውን የመመሳከሪያ ቊጥር ብቻ ማየት በዚህ ጊዜ አይበቃም፤ ገጹን የሰበረ ሌባ ቊጥሩንም ሊለውጠው ይችላልና። ስለዚህ ቊጥሩ የተፈረመበትን የዴቢያን ፊርማ እመረምራለሁ፤ ይህም የአንድ ሻይ ጊዜ አይፈጅም።

በቤታችን የተመረመረው ምስል በሁለት ፍላሾች ተጽፎ ይገኛል። አንዱ በእኔ መሳቢያ ነው፤ ሁለተኛው የጥቅሎቹን ዝርዝርና አራት ገጽ መመሪያ ይዞ በአሠሪዬ ካዝና ውስጥ ነው። መመሪያውን ያነበበው ወጣቱ የዕቃ ቤት ጸሐፊ ባለፈው ወር እኔ ሳልኖር አንዱን ኮምፒዩተር እንደ አዲስ ጭኖ፣ የማተሚያውን ስም የሚመለከተው መስመር ግልጽ አይደለም ብሎ በእርሳስ አርሞ መለሰልኝ።