ከአረቄ ማሰሮ እስከ አንጎል በር

የእኛ ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝባት በካርቱም፣ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1983 መጠጥ በይፋ ወንዝ ውስጥ ተደፋ። ፕሬዚዳንት ጃፋር ኒሜሪ የሸሪዓ ሕግ ያወጁበት ጊዜ ነበር። የመደብሩ መጠጥ ከከተማዋ ጠፋ፤ የጓዳው ግን አልጠፋም። ከማሽላ የሚጠመቀው መሪሳና ከቴምር የሚወጣው አረጊ በድብቅ መሸጣቸውን ቀጠሉ።

ከአሥር ዓመት በኋላ የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ምሁር ሐሚድ ዲራር ስለ ሱዳን አገር በቀል የፈሉ ምግቦችና መጠጦች ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። በሱዳን እናቶች እጅ የኖረውን ጥበብ በሳይንስ ዓይን ያየ ሰው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በሁለቱ መጠጦች መካከል ያለው ልዩነት ነው። መሪሳ እንደ ጉሽ ጠላ ነው፤ የእህሉ ደቃቅና እርሾው አብሮ ስለሚጠጣ ከቢ ቫይታሚኖች ጥቂቱ በውስጡ ይቀራል። አረጊ ግን የእኛው አረቄ ወንድም ነው። ማሰሮው ይጣዳል፣ እንፋሎቱ በመቃ ያልፋል፣ ቀዝቅዞ ጠብ ጠብ ይላል። አልኮሉ ከእንፋሎቱ ጋር ይወጣል፤ ቫይታሚኑ አተላው ውስጥ ይቀራል።

ይህ አተላ ውስጥ የሚቀረው ነገር ለአንጎል ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ የሕክምናው ዓለም ከ60 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

በ1881 በርሊን ውስጥ ሐኪሙ ካርል ቬርኒከ የሦስት ሕሙማንን ታሪክ ጻፈ። ሦስቱም ዓይናቸው አልታዘዝ አላቸው፣ ሲራመዱ ተንገዳገዱ፣ ያሉበትን ቦታና ጊዜ ሳቱ፣ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። አስከሬናቸው ሲመረመር በአንጎላቸው መሐል እንደ መርፌ ጫፍ ያነሱ የደም ነጠብጣቦች ተገኙ። ሁለቱ ብርቱ ጠጪዎች ነበሩ። ሦስተኛዋ ግን ጠጪ አልነበረችም። አሲድ የጠጣች ወጣት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሆዷ ምግብ አልቀበል ብሎ ሲያስመልሳት ከርሟል። መልሱ ያለው እሷ ዘንድ ነበር። ማንም አላስተዋለም፤ ቬርኒከም በሽታውን የአንጎል ብግነት አለው። ከስድስት ዓመት በኋላ ሩሲያዊው ሰርጌ ኮርሳኮፍ ሌላውን ገጽ አሳየ፦ ትናንትን መያዝ ያቃተው፣ ክፍተቱንም ባልሆነ ታሪክ የሚሞላ ሰው።

ፍንጩ የመጣው ከዶሮ ቤት ነው። በዛሬዋ ጃካርታ የሚሠራው ክርስቲያን አይክማን ዶሮዎቹ እግራቸው እየከዳቸው ሲወድቁ አየ። ከሆስፒታሉ የሚተርፍ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይበሉ ነበር። አዲስ ምግብ አብሳይ መጣና የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም አለ፤ ያልተፈተገ ሩዝ ሲቀርብላቸው ዶሮዎቹ ዳኑ። ሲፈተግ በሚወገደው የሩዙ ሽፋን ውስጥ የነበረውን ነገር በ1926 ያንሰንና ዶናት የተባሉ ተመራማሪዎች እዚያው አጥርተው አወጡት። ታያሚን ወይም ቫይታሚን ቢ1 የምንለው ይኸው ነው።

የመጨረሻው ማስረጃ ከመከራ ቤት ወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች በሲንጋፖር ያሰሯቸው ወታደሮች በተፈተገ ሩዝ ይኖሩ ነበር። በ1947 ደ ዋርደነርና ሌኖክስ የተባሉት ሐኪሞች ከእስረኞቹ መካከል 52 ሰዎች የቬርኒከ በሽታ እንደያዛቸው ጻፉ። እስር ቤት ውስጥ ይህን የሚያመጣ መጠጥ አልነበረም፤ የጎደለው ታያሚን ነበር። የበርሊኗ ልብስ ሰፊ ከ66 ዓመት በኋላ ተሰማች።

አንጎል ከስኳር ኃይል የሚያወጣው በታያሚን እርዳታ ነው። ሰውነት የሚያከማቸው ለጥቂት ሳምንት የሚበቃ ብቻ ነው። ጠጪ ምግብ ይተዋል፤ የሚበላውንም ታያሚን አልኮል በአንጀቱ እንዳያልፍ ያግደዋል፣ ጉበቱም ማስቀመጥ ያቅተዋል።

እንግዲህ መድኃኒቱ ታወቀ፣ ርካሽም ነው። ታዲያ ለምን ሰው ይጎዳል? አንደኛው ምክንያት ሐኪም ስለማያየው ነው። በ1986 በአውስትራሊያ ክላይቭ ሃርፐርና ባልደረቦቹ በሽታው የተገኘባቸውን 131 አስከሬኖች መርምረው ባሳተሙት ጥናት፣ ሦስቱም ምልክቶች በሕይወት ሳሉ አብረው የታዩባቸው 16 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ሌላው ምክንያት የአንጎል በር ነው። ኤድቪን ጎልድማን የተባለ ተመራማሪ ሰማያዊ ቀለም በእንስሳ ደም ውስጥ ወጋ፤ አካሉ ሁሉ ሰማያዊ ሲሆን አንጎሉ ነጭ ሆኖ ቀረ። በ1913 ቀለሙን አንጎልን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ ሲወጋው ደግሞ አንጎሉ ተነከረ፣ ሌላው አካል ነጭ ቀረ። የአንጎል ደም ሥሮች ያገኙትን ሁሉ አያስገቡም። ታያሚን የራሱ ጠባብ በር አለው፤ ብዙ መድኃኒት ግን የለውም።

ናኖ የሚባለው ጥበብ የገባው እዚህ ላይ ነው። አንድ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ነው። በ1995 የፍራንክፈርቱ ዮርግ ክሮይተርና ባልደረቦቹ በራሱ ወደ አንጎል የማይገባ መድኃኒት በናኖ ቅንጣት ተሸክሞ እንደሚገባ በእንስሳት ላይ አሳዩ። በ2003 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ፖል ሎክማንና ባልደረቦቹ የናኖ ቅንጣቶችን ታያሚን አለበሷቸው፤ በሩ የሚያውቀውን ልብስ ለብሰው እንዲቀርቡ። ጠጪ የሚጎድለው ቫይታሚን ለሌላ መድኃኒት የመግቢያ ቁልፍ ሆኖ ተሞከረ። ከዚህ ሁሉ ምርምር ልቤን የነካው ይህ ነው።

ሌሎች አልኮሉ አንጎል ሳይደርስ ለመያዝ ተነሡ። በ2013 የካሊፎርኒያው ዩንፌንግ ሉና ባልደረቦቹ አልኮልን የሚበትኑ ኢንዛይሞችን በናኖ ከረጢት ሸፍነው ለሰከሩ አይጦች ሰጡ፤ በደማቸው ያለው አልኮል ፈጥኖ ወረደ። በ2024 የዙሪኩ ራፋኤሌ ሜዘንጋ ቡድን ከአጓት ፕሮቲን ዝልግልግ ነገር ሠራ፤ የብረት አቶሞችና የወርቅ ናኖ ቅንጣቶች አሉበት። አልኮልን አንጀት ውስጥ እንዳለ ወደ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤን ወደሚያኮመጥጠው ነገር ይለውጠዋል። ከ30 ደቂቃ በኋላ በአይጦቹ ደም የነበረው አልኮል በ40 ከመቶ ቀነሰ።

ይህ ሁሉ በእንስሳት የታየ ነው፤ በካርቱምም ሆነ በአዲስ አበባ በሆስፒታል መደርደሪያ ላይ የለም። ካርቱም የአእምሮ ሕክምና ፈር ቀዳጁ የቲጃኒ አል ማሂ ከተማ ናት፤ በአጎራባቿ ኦምዱርማን ያለው የአእምሮ ሆስፒታል በስሙ ይጠራል። ከሚያዝያ 2023 ጦርነት ወዲህ ግን አብዛኞቹ የከተማዋ ሆስፒታሎች ተዘግተው ወይም ተጎድተው ቆዩ፤ ከሕዝቡም፣ ከእኛም ሰዎች፣ ብዙዎች ወደ መተማ ተሰደዱ። እዚያ ለሚደርስ ሰው የናኖን ቀን ጠብቅ ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሁሉ አደራ። ምግብ ትቶ አረቄ ላይ የከረመ ሰው ሳይጠጣ ከተንገዳገደ፣ ዓይኑ ከተርገበገበ ወይም ያለበት ከጠፋው፣ ስካር ነው ብላችሁ አታስተኙት። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፣ ጠጪ መሆኑን ሳታፍሩ ተናገሩ፣ ግሉኮስ የሚሰጠው ከሆነም ከግሉኮሱ በፊት ወይም ከግሉኮሱ ጋር ቢ1 በመርፌ እንዲሰጠው ጠይቁ።