የቦይ ጀልባ ፈታሽ ምን ያያል? ምንስ አያይም?

በእንግሊዝ የውሃ ቦዮች ላይ ጀልባ ያለው ሰው በየ4 ዓመቱ ፈታሽ ጠርቶ፣ ከኪሱ ከፍሎ ጀልባውን ያስመረምራል። ፈታሹ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወት፣ የጋዝ ግፊት መለኪያና ረጅም የመመርመሪያ ቅጽ ይዞ ይመጣል። የወለሉን ክዳን ያነሳል፣ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ይንበረከካል፣ የጋዝ ሲሊንደሩ የተቀመጠበትን ሣጥን ከላይም ከታችም ያያል። ጀልባው ካለፈ ባለቤቱ እስከ 4 ዓመት የሚያገለግል የደህንነት ሰርተፊኬት ያገኛል። ካላለፈ ጉድለቱ ተጽፎ ይሰጠዋል፤ ያን አስጠግኖ እንደገና ያስፈትሻል። በእንግሊዝና በዌልስ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆኑ ቦዮችንና ወንዞችን የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ያለዚህ ሰርተፊኬት ፈቃድ አይሰጥም። ለመጀመሪያዎቹ 4 ዓመታት ከዚህ ነጻ የሚሆነው ከሠሪው የጥራት ማረጋገጫ ጋር የተረከቡት አዲስ ጀልባ ነው።

ክፍያው ብዙ ጊዜ 200 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ እንደ ፈታሹና እንደ አካባቢው ከዚያ ዝቅም ከፍም ይላል። በዚህ ገንዘብ ዙሪያ በጀልባ ነዋሪዎች መካከል የማያልቅ ክርክር አለ። አንዱ ለጥቂት ሰዓት ሥራ ይህ ሁሉ ይከፈላል ወይ ብሎ ያማርራል። ሌላው ይህን ሁሉ ከፍዬ የጀልባዬን ዝገት እንኳ ሳያይልኝ ሄደ ብሎ ይቆጣል። ሁለቱም ቅሬታ የሚመነጨው ምርመራው ለማን ተብሎ እንደተበጀ ካለማወቅ ይመስለኛል። የምርመራው የመጀመሪያ ተጠቃሚ አጠገብ የታሰረው ጎረቤት፣ በቦዩ ዳር የሚሄደው እግረኛ፣ ከድልድዩ በላይ የሚኖረው ሰው ነው። የባለቤቱ ጥቅም ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ናሮውቦት የሚባለው የእንግሊዝ ቦይ ጀልባ ስፋቱ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ርዝመቱ ግን እስከ 21 ሜትር ይደርሳል። ይህን ቅርጽ ያወጡለት የ18ኛው ክፍለ ዘመን ቦይ ቀያሾች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1761 ከዎርስሊ ማዕድን ማውጫ ወደ ማንቸስተር የድንጋይ ከሰል ማጓጓዝ የጀመረው የብሪጅዎተር ቦይ የከተማውን የከሰል ዋጋ በግማሽ ያህል አወረደው። በዚያ ሥራ ስሙ የገነነው መሐንዲስ ጄምስ ብሪንድሊ ቀጥሎ በቀየሳቸው ቦዮች ላይ ሎክ የሚባሉትን የውሃ በሮች ጠባብ አድርጎ አሠራቸው፤ ጀልባዎቹም በበሮቹ ልክ ጠበቡ። ዛሬ በዚያች ጠባብ የብረት ኮሪደር ውስጥ ሰው ያበስላል፣ ይተኛል፣ ምድጃ ያነዳል፤ ሞተር፣ የናፍጣ ታንከር፣ ባትሪና የጋዝ ሲሊንደርም አብረውት ያድራሉ። ለንደን ውስጥ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ባሉበት በካሌዶኒያን ሮድ የሚያልፍ ሰው ኪንግስ ክሮስ አጠገብ ካለው ድልድይ ላይ ሆኖ ወደ ሬጀንት ቦይ ቢመለከት ነገሩ ይገባዋል። ጀልባዎቹ አፍና ጭራቸው ተነካክቶ፣ አንዳንዴም ጎን ለጎን ተደርበው ይታሰራሉ። የአንዱ እሳት የሌላውም እሳት ነው።

ይህ እንዲያው ስጋት ብቻ አይደለም። በዚሁ በሬጀንት ቦይ ላይ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1874 ጎህ ሳይቀድ ቲልበሪ የተባለ የጭነት ጀልባ ከሌሎች ጋር ተያይዞ በእንፋሎት ጀልባ እየተጎተተ ነበር። ከጭነቱ መካከል 5 ቶን ያህል ባሩድና በርሜል ሙሉ ነዳጅ ይገኙበታል። ከበርሜሎቹ የወጣው ተን ጀልባው ውስጥ ከነበረ እሳት ጋር ተገናኘና ልክ በማክልስፊልድ ድልድይ ሥር ሲደርስ ፈነዳ። ሦስቱም የጀልባው ሠራተኞች ሞቱ፣ ድልድዩ ተደረመሰ፣ በሬጀንት ፓርክ ዙሪያ ያሉ ቤቶች መስኮት ረገፈ። በዓመቱ ፓርላማው ፈንጂዎችን የሚመለከት ሕግ አወጣ። ድልድዩ ሲታደስ የብረት ምሰሶዎቹ ተርፈው ስለነበር ዞረው ተተከሉ። ከፍንዳታው በፊትና በኋላ ጀልባ ሲጎትቱ የነበሩ ገመዶች የፋቁት ጎድጎድ በምሰሶዎቹ ሁለት በኩል ዛሬም ይታያል። ባሩድ በቦይ መጫን ከቀረ ቆይቷል፤ ተንና እሳት ባንድ ጠባብ ቦታ የመገናኘታቸው ነገር ግን አልቀረም።

በዚያው ዘመን ሌላ ዓይነት ምርመራም ተጀምሮ ነበር። በልጅነቱ ጡብ ፋብሪካ ውስጥ ሲለፋ ያደገው ጆርጅ ስሚዝ በጀልባዎቹ ጓዳ ውስጥ ተጨናንቀው ስለሚኖሩ ቤተሰቦች፣ ትምህርት ቤት ደርሰው ስለማያውቁ ልጆች ይጮህ ነበር። በ1877 በወጣው ሕግ ጀልባው እንደ መኖሪያ ቤት እንዲመዘገብ፣ በጓዳው ስንት ሰው ማደር እንደሚችል እንዲወሰን ተደረገ፤ በ1884 ደግሞ ሕጉን የሚያስፈጽም ተቆጣጣሪ እንዲኖር ተጨመረ። ያኛው ምርመራ ነዋሪውን ከመጨናነቅና ከበሽታ ለማዳን የታሰበ ነው። የዛሬው ግን ሐሳቡ ከቲልበሪ ፍንዳታ ይቀርባል።

ቦት ሴፍቲ ስኪም የሚባለው የአሁኑ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1997 የተቋቋመው ቦዮቹን ያስተዳድር በነበረው ብሪቲሽ ዋተርዌይስና ወንዞችን በሚጠብቀው ኢንቫይሮመንት ኤጀንሲ ነው። የብሪቲሽ ዋተርዌይስ ድርሻ በእንግሊዝና በዌልስ በ2012 ወደ ትረስቱ ተላልፏል። ፈታሹ የሚይዘው ዝርዝር ሁለት ዓይነት ነጥብ አለው። አንደኛው ግዴታ ነው፤ ካልተሟላ ጀልባው ይወድቃል። ሁለተኛው ምክር ነው፤ ፈታሹ ጉድለቱን ይናገራል፣ ይጽፋል፣ ሰርተፊኬቱን ግን አይከለክልም። ለግል ጀልባ የግዴታው ወሰን የተሰመረው በዋናነት ለሌላ ሰው አደጋ በሚሆነው ላይ ነው። ለምሳሌ የአየር መግቢያ ቀዳዳው ማነስ ባለቤቱን እንጂ ጎረቤትን ስለማያፍን በግል ጀልባ ላይ በምክር ይታለፋል። ለተከራይ የሚሰጥ ጀልባ ሲሆን ጥብቅ ይሆናል፤ ተከራዩ ስለ ጀልባው የሚያውቀው ነገር የለምና።

ፈታሹ ረጅሙን ጊዜ የሚያጠፋው ጋዝ ላይ ነው፤ ተገቢም ነው። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ከአየር ይከብዳል። መሬት ላይ በቆመ ቤት ጋዝ ቢያፈተልክ በበር ሥር ሊወጣ ይችል ይሆናል። ጀልባ ግን ከታች ድፍን ብረት ነው፤ ያመለጠው ጋዝ ወለሉ ሥር ወርዶ ይተኛል፣ መውጫም የለው። እዚያው ወለል አጠገብ ሞተር ለማስነሳት ቁልፍ ሲዞር፣ የውሃ ፓምፕ በራሱ ጊዜ ሲነሳ ብልጭታ አይጠፋም። ስለዚህ ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሣጥን ወደ ጀልባው ውስጥ አንዳችም ቀዳዳ እንዳይኖረው፣ ከግርጌው ግን ወደ ውጭ የሚያፈስ ቀዳዳ እንዲኖረው ይጠየቃል። ያመለጠ ጋዝ በዚያ በኩል ከውሃው በላይ ወደ አየር ይወጣል። ፈታሹ ሣጥኑ ዝጎ እንዳልተበሳ ያያል፣ የማፍሰሻ ቀዳዳው በቅጠልና በገመድ እንዳልተዘጋ ያረጋግጣል፣ ሲሊንደሩ ቀጥ ብሎ መታሰሩን ያያል። የጎማ ቱቦውን ጎበጥ አድርጎ ስንጥቅ ይፈልጋል፣ ምድጃው እሳቱ በነፋስ ሲጠፋ ጋዙን በራሱ የሚቆርጥ መሆኑን ይሞክራል።

ከዚያ መላው መስመር ይፈተናል። በመስመሩ ላይ በተተወ መፈተኛ ጫፍ የግፊት መለኪያ ይሰካል፤ ጋዙ ተለቅቆ ይዘጋና ግፊቱ ይወርድ እንደሆነ ይጠበቃል። ከወረደ አንድ ቦታ እያፈሰሰ ነው፤ ጀልባው አያልፍም። ሌላው መንገድ ሲሊንደሩ አጠገብ የሚገጠም ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ብርጭቆ ነው። ምድጃዎቹ ሁሉ ጠፍተው ቁልፉ ሲጫን በፈሳሹ ውስጥ አረፋ ከወጣ ጋዝ እየሄደ ነው ማለት ነው። ይህን መሣሪያ ሁሉም ጀልባ ላይ ባየው ደስ ይለኛል፤ ባለቤቱ ፈታሽ ሳይጠብቅ ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት ሊጫነው ይችላል። ጀልባውን ዋና መኖሪያ ላደረገ ሰው ደግሞ ወጪም ይቀንስለታል፤ በመኖሪያ ጀልባ ላይ የጋዝ መስመር መፍታት የሚችለው ጋዝ ሴፍ በተባለው መዝገብ የተመዘገበ ባለሙያ ብቻ ሲሆን በአረፋው ለመፈተን ግን መስመሩን መፍታት አያስፈልግም።

ኤሌክትሪኩና ነዳጁ ቶሎ ይታያሉ። ባትሪዎቹ እንዳይንሸራተቱ ታስረው ጫፋቸው ተሸፍኗል ወይ፣ ሁሉንም ባንዴ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ አለ ወይ፣ ሽቦው ለሚሸከመው ኃይል ይበቃል ወይ፣ ነዳጅ ሲሞላ ቢትረፈረፍ ወደ ጀልባው ሆድ ይፈሳል ወይስ ወደ ውጭ? የእሳት ማጥፊያዎቹ ቁጥር በጀልባው ርዝመት ይወሰናል።

ስለ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። ከሰል አፍኗቸው አደሩ የሚለውን ዜና በየክረምቱ የሰማ የእኛ አገር ሰው ይህን ጋዝ ያውቀዋል፤ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃው ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሰኔ ወር ኖርፎክ ውስጥ በሮክሰም ላቭ ፎር ሊዲያ በተባለች ጀልባ ላይ ሁለት ሰዎች ሞተው ተገኙ። የብሪታንያ የባህር አደጋ መርማሪዎች ምክንያቱ ከጀልባዋ የቤንዚን ሞተር የወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መሆኑን አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2019 ጀምሮ መኝታ ያለው ጀልባ ሁሉ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል ከሌለው ፈተናውን አያልፍም። ይህ ግዴታ የገባበት መንገድ የምርመራውን ባሕርይ በደንብ ያሳያል። የራስን ጀልባ ብቻ የሚያሰጋ ነገር ቢሆን ኖሮ በምክር ሊታለፍ ይችል ነበር። ነገር ግን የአንዱ ጀልባ ጭስ አጠገቡ በታሰረው ጀልባ መስኮት ይገባል፤ ምድጃ የሌለው፣ ሞተሩን ያጠፋ ሰው በጎረቤቱ ጭስ ሊሞት ይችላል። የቀረበው ክርክር ይህ ነበር፤ ትክክለኛ ክርክርም ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልመለስ። ስኪሙ ፈታሾችን ያሰለጥናል፣ ይመዘግባል፣ ሥራቸውን ይከታተላል፤ ዋጋ ግን አይተምንም። ፈታሾቹ ለራሳቸው የሚሠሩ ባለሙያዎች ስለሆኑ እያንዳንዱ የራሱን ይጠይቃል። 200 ፓውንድ ለ4 ዓመት ሲካፈል ለዓመት 50 ፓውንድ ነው፤ በዚህ ሒሳብ ውድ ነው ለማለት ይከብደኛል። ርካሽ ፈታሽ ፍለጋ ከአገር ጫፍ ጫፍ የሚደውሉ አሉ። ወለል ሳያነሳ፣ ጋዙን ሳይፈትን በግማሽ ሰዓት ጨርሶ የሚወጣ ፈታሽ ቢያገኙ ያተረፉ ይመስላቸዋል። የከፈሉት ግን ለወረቀት ብቻ ሆነ፤ ያች ያልታየች ቱቦ እዚያው አልጋቸው ሥር አለች። የሚከብደው ወጪ የፈታሹ ክፍያ ሳይሆን ጥገናው ነው። በለንደን የቤት ኪራይ ተገፍቶ አሮጌ ጀልባ የገዛ፣ ቋሚ ማሰሪያ ለመከራየት አቅም አጥቶ በሕጉ መሠረት በየ14 ቀኑ ቦታ የሚቀይር ሰው የጋዝ መስመሩን በሙሉ ቀይር ሲባል ከየት ያመጣል? ለዚህ ሰው ምርመራውን ማላላት መፍትሔ አይሆንም፤ ለጥገናው የሚረዳው ቢገኝ ግን የጎረቤቶቹም እንቅልፍ ይሻሻል ነበር።

ስለ ጥልቀቱ የሚነሳው ቅሬታ ሌላ ነው። የመኪና ቦሎ ያለው መኪና ሞተሩ ነገ አይነክስም ማለት እንዳልሆነ ሁሉ ይህም ሰርተፊኬት ጀልባው አይሰምጥም አይልም። ፈታሹ የሚያየው ሳይፈታ የሚታየውንና እጁ የሚደርስበትን ነው፤ የሚመሰክረውም ስለዚያች ዕለት ነው። ከውሃ በታች ያለውን ብረት ጨርሶ አያየውም። በተለመደው አሠራር አዲስ ጀልባ የግርጌ ብረቱ 10፣ የጎኑ 6፣ የጓዳው 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ውሃና ዝገት ይህን ከዓመት ዓመት ይበሉታል። እሱን ለማወቅ ጀልባው በክሬን መነሳት ወይም ውሃው በሚደርቅ መትከያ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሰርቬየር የሚባለው ሌላ ባለሙያ በመዶሻ እየመታና በአልትራሳውንድ መሣሪያ ውፍረቱን እየለካ ነጥብ በነጥብ ይመዘግባል። ይህ በርካታ መቶ ፓውንድ ያስወጣል። ዕድሜው ለገፋ ጀልባ ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ይጠይቁታል፤ ብረቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ሲሳሳ ብዙ ጊዜ አዲስ ብረት ካልተበየደበት አንሸፍንም ይላሉ።

አሮጌ ጀልባ ለመግዛት ያሰበ ሰው እንግዲህ ሻጩ ሰርተፊኬት ሲያሳየው መጀመሪያ የተሰጠበትን ቀን ይመልከት። 3 ዓመት ካለፈው ከዚያ ወዲህ ምድጃ ተቀይሮ፣ ሽቦ ተጨምሮ፣ ቱቦ ደርቆ ሊሆን ይችላል። የፈታሹን ሙሉ ሪፖርት፣ በተለይ በምክር የታለፉትን ነጥቦች ይጠይቅ፤ ለራሱ ሕይወት የሚጠቅመው ብዙው እዚያ ነው ያለው። ከዚያ የራሱን ፈታሽና የራሱን ሰርቬየር ለየብቻ ይቅጠር፤ ሁለቱንም የሚከፍላቸው እሱ እንጂ ሻጩ አይሁን፤ ጀልባውም ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ከውሃ ይውጣ።